አባባ፣ ስለ ቻይናዎቹ ለጠየቁኝ

ይድረስ ለአባባ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከመንገድ ሥራው ካምፕ ሲጽፉልን እንዲህ ብለው ነበር የሚጀምሩት፤ እኔም ሌላ አጀማመር አልለመድኩም። ዓይንዎ ስለደከመ እህቴ ታነብልዎታለች። አንቺ ልጅ፣ እንዳለ አንብቢላቸው፤ የማይጥምሽን እየዘለልሽ አይሁን።

ባለፈው እሑድ የደወልኩት ስለ ልብዎ ልጠይቅ ነበር። የደም ሥሩ ጠቧል፣ ስቴንት የሚባለው ሽቦ ይግባበት ብሎ ሐኪሙ እንደነገራችሁ ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ «እስቲ ንገረኝ፣ እነዚያ ሰዎች ምን አድርገው ነው እዚህ የደረሱት?» አሉኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ቻይና አወራን። ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ «መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው?» ብትለኝ የምመልሰው አጣሁ። እርስዎም ሸሹ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አብሬ ሸሸሁ። በጽሑፍ ግን መስመሩ ተቆራረጠ ማለት የለም።

ጥያቄዎ የሚገባ ነው። በወልዲያ–ወረታው መንገድ አብረዋቸው ስለሠሩ ያውቋቸዋል። በሸራ ጫማ ጋሸና ብርድ ላይ ሲንቀጠቀጡ፣ ሩዛቸውን በቆርቆሮ ሳህን ሲበሉ አይተዋል። «ያኔ ከኛ የሚበልጡት በሥራ ብቻ ነበር» ይላሉ ሁልጊዜ። እውነትዎን ነው። በ1978 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልዎ) ከአገሩ ምርት የአንድ ቻይናዊ የዓመት ድርሻ 200 ዶላር አይሞላም ነበር። ዛሬ 13,000 ዶላር ገደማ ደርሷል። የጋሸናዎቹ ሰዎችዎ በሕይወት ካሉ በእርስዎ ዕድሜ ናቸው፤ ይህን ሁሉ በአንድ ዕድሜ አዩት ማለት ነው።

ለመጀመሩ ብዙ ሰው የያኔውን መሪያቸውን ዴንግ ሺያዎፒንግን ያመሰግናል። እርስዎ ገበሬ ስለሚወዱ እኔ ከሺያውጋንግ ልጀምርልዎ። አንሁይ በሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለች የድሃ መንደር ናት። መሬቱ የኮምዩን፣ ማለት የጋራ፣ ስለነበር ሰው ቢለፋም ባይለፋም የሚደርሰው ያው ነው፤ ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ በደርግ ጊዜ አይተውታል። በ1978 መገባደጃ 18 ገበሬዎች ተደብቀው ተሰበሰቡና መሬቱን ለየቤተሰቡ ሊከፋፈሉ ተስማሙ። ኮታውን ለመንግሥት ከሰጡ በኋላ የተረፈው የየራሳቸው ሊሆን ነው። ያኔ ይህ የሚያስገድል ነገር ስለነበር በወረቀት አሰፈሩትና ጣታቸውን በቀይ ቀለም ነክረው አተሙበት። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር አለ፦ ከመካከላቸው በዚህ ምክንያት የታሰረ ቢኖር የቀሩት ልጆቹን 18 ዓመት እስኪሞላቸው ሊያሳድጉለት ቃል ገብተዋል። በዓመቱ እህሉ ሞላ፤ መንግሥትም አይቶ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ፈቀደ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ኮምዩኖቹ በየአገሩ ፈረሱ። ስለ ልጅ ማሳደግ የሚያወራ የኢኮኖሚ ማሻሻያ እኔ ከዚህ ሌላ አላውቅም።

ከዚያ ከተማው ነው። ከእኛ ከጓንግዡ ሸንዠን በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና ተባለች፤ ያኔ አካባቢው ሁሉ 300,000 ያህል ሰው የነበረበት የገጠር ወረዳ ነው። በ2020 ሲቆጠር ከ17 ሚሊዮን በላይ ሰው ተገኘባት። ካፒታሉ መጀመሪያ ከሆንግ ኮንግ መጣ፤ አሻንጉሊት፣ ጫማ፣ ሬዲዮ መገጣጠም ጀመሩ። በ2001 መጨረሻ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሲሆኑማ የዓለም ገበያ ተከፈተላቸው። ሠላሳ ዓመት በአማካይ 10 በመቶ ገደማ አደጉ፤ እንዲህ ሲሆን አገር በየሰባት ዓመቱ እጥፍ ይሆናል። በ2010 ጃፓንን አልፈው ከአሜሪካ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኑ።

የሠራው ማነው ካሉኝ ግን ከሁናን፣ ከሲቹዋን፣ ከሄናን የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ዛሬም እንዲህ ያለው ሠራተኛ 300 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሁኮው የሚባል የቤተሰብ መዝገብ አላቸው። የተመዘገብከው ገጠር ከሆነ ከተማ ገብተህ መሥራት ትችላለህ፤ ልጅህን ከተማው ትምህርት ቤት ማስገባት ግን ለብዙ ዘመን አይታሰብም ነበር፣ አሁንም በትልልቆቹ ከተሞች ቀላል አይደለም። ስለዚህ ልጁ አያቱ ጋ ይቀራል። በ2013 የወጣ ጥናት እንዲህ ገጠር የቀሩትን ልጆች 61 ሚሊዮን አድርሷቸዋል። ስም እንኳ አላቸው፤ «የቀሩት ልጆች» ነው የሚሏቸው።

ባለፈው ወር ለአንድ ደንበኛ ዕቃ ልፈትሽ ጉዠን ሄጄ ነበር፤ የመብራት ዕቃ የሚሠራበት ከተማ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ ስልኳን የአምፑል ካርቶን ላይ ደገፍ አደረገችው። በስልኩ ውስጥ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሩዝ ይበላል። ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። እሷ ሲበላ ታየዋለች፤ የራሷ ምግብ ፊቷ ቀዘቀዘ። ሃያ ደቂቃ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ደወሉ ሲደወል «በል ዝጋው» አለችው፤ እሱ ቀድሞ ዘግቶታል። የስልኩን መስታወት ለጥቂት ጊዜ አየችውና ኪሷ ከታ ብሎን ማሰሯን ቀጠለች። እኔ ስድስት ካርቶን ሳልፈትሽ ወጣሁ፤ ደንበኛዬ ይህን ደብዳቤ እንደማያነበው ተስፋ አደርጋለሁ።

እንግዲህ አባባ፣ እነዚህ ሰዎች እንዴት እዚህ ደረሱ ላሉኝ መልሱ ይህ ነው። እንደ እርስዎ ያሉ አባቶች ነበሯቸው። አልጨከኑም፤ ሄዱ እንጂ። አያቴ እርስዎ የላኩትን ብር መሐረብ ጫፍ ላይ ቋጥራ «አባትህ አገር እያቀና ነው» ትለኝ ነበር። እኔም በመጡ ቁጥር ጋሼ ልበልዎ አባባ ልበልዎ ግራ ይገባኝ ነበር። ይህን እንኳ ረስቼዋለሁ።

ያልረሳሁት ሌላ ነው። እማዬ ያረፈች ጊዜ ቴሌግራሙ ካምፕ የደረሰው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ተቀበረች። እርስዎ ዓርብ፣ በሠልስቷ ደረሱ። ጫማዎ ላይ ሲሚንቶ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እርስዎ ለአጎቴ «የድልድዩን አርማታ መሙላት ጀምረን ነበር፤ አርማታ ደግሞ ከተጀመረ አይቋረጥም» ሲሉት ሰማሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አርማታ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከእማዬ የሚበልጥ ሰው መስሎኝ ነበር። አሁን ሥራዬ ከግንባታ ዕቃ ጋር ስለሆነ አውቃለሁ፣ ልክ ነበሩ፤ ግማሹ ደርቆ ግማሹ ከተሞላ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ልክ መሆንዎ ግን አልረዳኝም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመልሰው ሄዱ።

እህቴ እዚህ ላይ ድምጿ ከቆመ ትንሽ ውኃ ትጠጣና ትቀጥል።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። የመንገድ ሰው ስለሆኑ ኪሎ ሜትር ደስ ይልዎታል። የመጀመሪያው ትልቁ ፈጣን ባቡር በ2008 ከቤጂንግ ቲያንጂን ነበር፤ አሁን የፈጣን ባቡሩ ሐዲድ ከ45,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ከዚህ ቤጂንግ 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጧት ተሳፍሬ ማታ ሳይመሽ እገባለሁ። በጉይዡ ተራሮች ላይ በ2016 የከፈቱት የቤይፓንጂያንግ ድልድይ ከወንዙ በላይ 565 ሜትር ነው። ቢያዩት አርማታው ስንት ቀን እንደፈጀ ነበር መጀመሪያ የሚጠይቁት። ጉይዡ ግን ከድሃ ክፍለ ሀገሮቹ አንዷ ናት፤ ድልድዩ ሁሉ በብድር ስለሆነ ዕዳው አንገቷ ላይ ነው። ቤት ሠሪዎቹም እንዲሁ። ኤቨርግራንዴ የሚባለው ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ በ2024 መጀመሪያ የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ወስኖበታል። ሕዝቡም ከ2022 ጀምሮ እየቀነሰ ነው። ዕድገቱ 5 በመቶ አካባቢ ሆኗል። በስልክ «አለቀላቸው ማለት ነው?» ብለውኝ ነበር፤ የለም፣ አላለቀላቸውም። እየሸመገሉ ነው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ቁመቱ እኔን ሊያልፍ ነው፤ ሒሳብ ይወዳል፣ ከእርስዎ ነው መሰለኝ። ትንሿ ቻይንኛዬን በሰው ፊት ታርመኛለች። የሕንፃችን ጥበቃ ከሁናን የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ማታ ማታ ስንገባ «ዬዬ» ብላ ትሮጥባቸዋለች። በቻይንኛ አያት ማለት ነው። ብርቱካን ይልጡላታል። እኔ ጎን ለጎን ቆሜ አያለሁ፣ ምን እንደምል አላውቅም።

እኚህ ሰውዬ በ90ዎቹ ሸንዠን ላይ ሕንፃ ሠርተዋል፤ ስንት ፎቅ እንደሆነ ጣታቸውን እየቆጠሩ ይነግሩኛል። የጡረታቸው መዝገብ ግን ገጠር ስለሆነ የሚያገኙት በወር 200 ዩዋን ገደማ ነው፤ ከተማ የተመዘገበው ጡረተኛ በሺህ ይቆጥራል። ለዚያ ነው በዚህ ዕድሜ ሌሊት የሚቆሙት። አንድ ማታ «ልጅዎ ይጎበኝዎታል ወይ?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁና ሕግ ወጥቶልናል አሉኝ። እውነት ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ርቆ የሚኖር ልጅ ወላጁን ቶሎ ቶሎ እንዲጠይቅ የሚያዝ ሕግ አላቸው። ሕጉ በጸናበት ቀን ዉሺ በምትባል ከተማ ፍርድ ቤት አንዲትን ልጅ የ77 ዓመት እናቷን ቢያንስ በሁለት ወር አንዴ እንድትጠይቅ ፈረደባት። አገር ሀብታም ሲሆን ይህም በአዋጅ ይሆናል። እርስዎ ቢከሱኝ ሳልጠይቅዎ የቀረሁበት ስድስት ዓመት አለብኝ። መጀመሪያ ኮሮና ነበር፣ እስከ 2023 መጀመሪያ የወጣ ሰው መመለሻው አይታወቅም ነበር፤ ከዚያ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ፤ ከዚያ ምንም።

እኔ ልጆቼን አያት ጋ አልተውም ብዬ ምዬ ነበር። ማሃላዬን ጠብቄያለሁ። አያታቸውን ነው የተውኩት።

አሁን የሥራ ነገር። አስፒሪኑ ከምግብ በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ሳይል እንዳያቋርጡት። በጾም ምክንያት የጠዋቱን ኪኒን ማታ እንደሚያደርጉት ሰምቻለሁ፤ የንስሐ አባትዎን እህቴ ታናግራቸው። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ የላክሁትን ጎማ ያስነጥፉ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ አይደለም። ደግሞ ለሕክምና የላክሁትን ገንዘብ «ለተዝካሬ ይቀመጥ» ብለዋል አሉ። አባባ፣ ይህን ስሰማ ተናድጃለሁ። ተዝካርዎን ያውጣልኝ ብዬ አልላክሁም። የስምምነት ወረቀቱ ላይ ይፈርሙ፤ መፈረም ከከበደዎ እንደ ሺያውጋንግ ሰዎች አውራ ጣትዎን ያትሙበት።

ቀኑን በተመለከተ ሐኪሙ በዚህ ወር ብሎ ነበር። እዚህ ካንቶን ፌር የሚባለው የንግድ ትርኢት ተጀምሯል፤ በዓመት ሁለቴ ነው፣ የበልጉና የመኸሩ፣ ከ1957 ጀምሮ እንዲሁ ነው። የመኸሩ እስከ ኖቬምበር 4 ይቆያል። ሦስት ነጋዴዎች ከአዲስ አበባ መጥተውብኛል፣ የዓመቱ ገቢዬ ግማሽ ያለው በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ትርኢቱ እስኪያልቅ ቢቆይ፣ ከተጀመረ እኮ መሃል ላይ ጥሎ መሄድ

ይህን መስመር ልሰርዘው ብዬ ተውኩት። ይዩት።

እህቴ፣ ነገ ሐኪም ቤት ሄደሽ ቀኑን አስይዢ፤ ማንም እስኪጨርስ አይጠበቅ። ነጋዴዎቹን ጓደኛዬ ይይዛቸዋል። አባባ፣ የዚህ አውሮፕላን የሚገባው ማለዳ ነው። ልቀበልህ ብለው በብርድ እንዳይወጡ። ቁልፉን ጎረቤት ይተዉልኝ።

ልጅዎ
ከጓንግዡ