«የእንግዳ ወንበር» የሚባል ነገር የለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ያወጣችሁትን የትራክተሮች ንጽጽር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት ደስ ብሎኝ ነው። ስለ ትራክተር ሁለት ሙሉ ገጽ ተጽፎ ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለተኛ ያነበብኩት ግን አንዲት ቃል እንቅልፍ ስለነሳችኝ ነው። ጸሐፊው ፌንትን፣ ጆን ዲርን፣ ኬዝንና ማሲ ፈርጉሰንን በመቆጣጠሪያ፣ በምቾትና በአያያዝ ቅለት እያወዳደሩ ነጥብ ሲሰጡ ቆይተው፣ ከሹፌሩ በስተግራ ያለችው ትንሿ ተጣጣፊ ወንበር ዘንድ ሲደርሱ «የእንግዳ ወንበር» አሏት። ለእኛ አገር ቅንጦት ናት ብለውም ከነጥቡ አስወጧት።

እንግዳ! በእኩለ ሌሊት፣ ማሳ መሃል፣ ዲስክ ማረሻ እየጎተትን የምንቀበለው እንግዳ ማን እንደሆነ ቢነግሩን ኖሮ ቡና አፍልተን በጠበቅነው።

የጆን ዲር መመሪያ መጽሐፍ ለዚያች ወንበር የሰጣት ስም የማስተማሪያ ወንበር የሚል ነው። አዲስ ኦፕሬተር ለማሠልጠን ወይም የማሽን ብልሽት ለመመርመር ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይቀመጥባት ይላል። ቀበቶም አላት። ጸሐፊው ስለ ጋቢናው መብራትና ስለ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያው ሳይቀር የጻፉ ሰው ናቸውና መጽሐፉን አላገኙትም ለማለት ይከብደኛል።

እኔ የተማርኩባትን ወንበር ልንገራችሁ። በ1992 ዓ.ም. የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ባሌ፣ ሲናና ውስጥ በአንድ ማሲ 385 ላይ በረዳትነት ተቀጠርኩ። ጋቢና የሚባል ነገር አልነበረውም። መቀመጫዬ የግራው ፓራፋንጎ፣ ማለትም የኋላው ጎማ ጭቃ መከላከያ፣ ነበር። ረዳት ማለት ናፍጣ በጀሪካን የሚሸከም፣ ማረሻው ላይ የተጠመጠመ ገለባ የሚያላቅቅ፣ መከስከሻው መሬቱን አልይዝ ሲል እንደ ድንጋይ ላዩ ላይ ወጥቶ ክብደት የሚሆን ልጅ ነው። ከዚህ የተረፈውን ጊዜ ፓራፋንጎው ላይ ሆኖ የአለቃውን እጅና እግር እያየ መንዳት ይማራል። ትምህርት ቤታችን ያ ነበር፤ ክፍያ የለውም፣ ምዝገባ የለውም፣ ቀበቶም የለውም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እንቅልፍ አሸንፎኝ ከጎማው ፊት ወደቅሁ። አለቃዬ ፍሪሲዮንና ፍሬኑን አንድ ላይ ረግጠው ባያቆሙት ኖሮ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው በጻፈላችሁ። ከግራ እግሬ የጎደሉት ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አለቃዬ ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር እግሬን አይተው ነው ሰላም የሚሉኝ።

ፓራፋንጎ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ የሚከለክለው ሥዕል በየትራክተሩ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። ሥዕሉ ጭቃ ይለብስና ልጁ ላዩ ላይ ይቀመጥበታል። የፋብሪካ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው ጋቢናው ውስጥ ሁለተኛ ወንበር የጨመሩት፤ ለማጁ የግድ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልገዋልና። ታዲያ ይህች ወንበር በአያያዝ ቅለት ነጥብ ካላገኘች ምን ሊያገኝ ነው? የጽዋ ማስቀመጫው?

ምቾትን ቅንጦት ብሎ መፈረጅ ከወንበሯም ይሰፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ በስምንት ሰዓት ሥራ ውስጥ የሠራተኛው ሰውነት የሚቀበለው ንዝረት በሰከንድ ካሬ 0.5 ሜትር ሲደርስ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ፣ 1.15 ደግሞ ፈጽሞ እንዳይታለፍ ተደንግጓል። በአየር ከረጢት ላይ የሚንሳፈፍ ወንበርና ባለ ስፕሪንግ ጋቢና በአንድ በኩል ለዚህ የመጡ ናቸው፤ ባለጠጋን ለማሞላቀቅ ብቻ አይደለም። በደረቅ ጓል ላይ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለ ሰው ማታ ከትራክተር ሲወርድ ወገቡን ይዞ የሚቆመው ለፎቶ አይደለም። ድምፅም እንዲሁ ነው። ማሲ ፈርጉሰን 8ኤስ የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ በጋቢናውና በሞተሩ መካከል 24 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ትቶ፣ ጋቢናው ውስጥ የሚሰማው ድምፅ 68 ዴሲቤል ነው ብሏል። እኛ ጋቢና በሌለው ላይ ያረጀን ሰዎች ሚስቶቻችን ሁለት ሁለት ጊዜ ካልጠሩን አንሰማም።

በመቆጣጠሪያው ላይ ግን ጸሐፊውን አመሰግናለሁ፤ በመጠኑ። የፌንት ቫሪዮ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ማርሽ መቀያየርን እንዳስቀረ፣ ዘንጉን ወደፊት ሲገፉት እንደሚፈጥን፣ ወደኋላ ሲስቡት እንደሚቀንስ፣ ወደ ጎን ነካ ሲያደርጉት አቅጣጫ እንደሚለውጥ በትክክል ጽፈዋል። እኔ ፌንትን ነድቼ አላውቅም፤ አልፈርድበትም። በጆን ዲርና በኬዝ ግን ሠርቻለሁ። እጅ ላይ የሚቀረው ልዩነት ጸሐፊው ካሉት የስክሪን ስፋት ውስጥ የለም። ማንሻዎቹ በክንድ ማሳረፊያው ላይ ሆነው ከወንበሩ ጋር አብረው መዞራቸው ነው ትልቁ ነገር። የሚያርስ ሰው ግማሽ ቀን ወደ ቀኝ ዞሮ ፈሩንና ማረሻውን ሲያይ ነው የሚውለው። ወንበሩ ወደ ቀኝ ዞሮለት እጁ ማንሻውን ካላጣ አንገቱ ተረፈ። ይህን በሁለት ገጽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ቀለሞቹንስ? ዓለም አቀፍ ልማድ ነው፤ ሞተር ማጥፊያው ቀይ፣ ከመንዳት ጋር የተያያዘው ብርቱካናማ፣ የፒቲኦ (የሞተሩን ኃይል ወደ ተጎታቹ መሣሪያ የሚያስተላልፈው ዘንግ) ማስነሻው ቢጫ፣ ሃይድሮሊኩና የቀረው ጥቁር። እንግሊዝኛ የማያነብ ልጅ ከአንዱ ማርካ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚያድነው ይህ ነው። ጸሐፊው ስክሪኑ «ለማንም ግልጽ» መሆኑን አድንቀዋል። እኔ ባየኋቸው ስክሪኖች የፊንላንድ ቋንቋ አለ፤ አማርኛና ኦሮምኛ አላየሁም። ለማንም ሲሉ ለፊንላንዶች ማለታቸው ከሆነ እስማማለሁ።

ደግሞ ምቾት የሚለካው ትራክተሩ ከሳጥኑ በወጣበት ቀን ነው እንዴ? ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ከተፈቀደ ወዲህ ባለ ጋቢናው በርከት ብሏል፤ መልካም ነው። እኔም አንድ ባለሀብት ዘንድ እንዲህ ያለ ተሰጥቶኝ ነበር። በዓመቱ የወንበሩ የአየር ከረጢት ተቀደደ። ጋሼ፣ ይቀየርልኝ ብል፣ «ወንበሩ አያርስም፤ የሚያርሰው ሞተሩ ነው» አሉኝ። የገበያ ስፖንጅ አጥፌ ተቀመጥኩበት። ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ጋዝ አለቀ። በየአቅጣጫው መስታወት የሆነ ጋቢና ያለ ማቀዝቀዣ በጥር ፀሐይ ምን እንደሚሆን ምጣድ ይመስክር። በሩን ነቅለን መጋዘን አስቀመጥነው፤ አቧራው እንደ ልቡ ገባ። ያቺ ሁለተኛ ወንበር ደግሞ የናፍጣ ጀሪካን ታሰረባት። ረዳቱ የት ነበር? ፓራፋንጎው ላይ። ያን ያህል ሚሊዮን ብር ወጥቶበት ልጁ አሁንም እኔ የተቀመጥኩበት ላይ ነበር።

ለዚህ ነው «የእንግዳ ወንበር» የምትለዋ ቃል የከነከነችኝ። ባለቤቶች ጋዜጣ ያነባሉ። ጋዜጣው ቅንጦት ካላት ጀሪካኑ ፈቃድ አገኘ ማለት ነው። በሁለቱ ገጽ ውስጥ ሻጭ ተናግሯል፣ የእርሻ ባለሙያ ተናግሯል፣ ገዥ ተናግሯል። መሪውን የሚይዝ አንድ ኦፕሬተር አልተጠየቀም። አርሲና ባሌ ላይ ባለቤቱና ሹፌሩ አንድ ሰው ያልሆኑበት ትራክተር መቁጠር ከጀመርን ክረምት ይገባል።

እርማቱ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ «የእንግዳ ወንበር» ያልነው የማስተማሪያ ወንበር ነው፣ ተብሎ በሚቀጥለው እሑድ ይውጣልኝ። ነጥቡን ለየትኛው ማርካ ትሰጣላችሁ የሚለው የእናንተ ጉዳይ ነው።

እኔ አሁን ወጣት ኦፕሬተሮችን አሠለጥናለሁ። በቀን አምስት ስድስት ሰዓት የምቀመጠው እዚያችው ወንበር ላይ ነው። ትናንት መሪውን የያዘችው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጫፍ ላይ ስታዞር ማረሻውን ማንሳት ረሳች፤ እጄን ዘርግቼ ጥቁሩን ማንሻ ነካሁላት። ሳቀችብኝና «ይቅርታ ጋሼ» ብላ ቀጠለች። እንግዳው እኔ ነኝ እንግዲህ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ረዳት፣ የቀድሞ ኦፕሬተር
ባሌ ሮቤ