ለጋራ ቴሌስኮፓችን መስታወት እንፈልጋለን

አዲስ አበባ ያለን ጥቂት መምህራን፣ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ የምንሠራ ሰዎች ነን። የሚያገናኘን ሰማይ ማየት ነው። እስካሁን ባይኖኩላር እየተቀባበልን ጨረቃንና በጁፒተር ዙሪያ ያሉትን አራት ነጠብጣቦች ስናይ ቆይተናል። አሁን ግን ክበቡ የራሱ ቴሌስኮፕ እንዲኖረው ስለፈለግን ወደ እናንተ መጥተናል።

የቱን እንምረጥ የሚለው ብዙ አከራክሮናል። አንዳንዶቻችን ኮከቡን በኮምፒውተር ራሱ ፈልጎ የሚያገኘው ላይ ዓይናችንን ጥለን ነበር። ግን ዋጋው ውድ ነው፣ መብራት ይፈልጋል፣ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? በሰሜን ኮከብ ላይ ተነጣጥሮ የሚተከለውም ለእኛ አይመችም። ያለነው 9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለሆነ ኮከቡ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። በሰሜን በኩል ኮረብታ ወይም ባሕር ዛፍ ካለ አለቀ፣ አይታይም።

ስለዚህ ዶብሶንያን የሚባለውን መረጥን። ጆን ዶብሰን የተባለ የቀድሞ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ መንገደኛ እያስቆመ ሰማይ ያሳይበት የነበረው ዓይነት ነው። ብርሃን የሚሰበስበው በመስታወት ነው። ሞተር የለውም፤ በእጅ ገፋ አድርጎ ማየት ነው። 8 ኢንች መስታወት፣ በጨለማ ሰፋ ብሎ የተከፈተ የሰው ዓይን ከሚሰበስበው ከ800 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። የሳተርን ቀለበት ይታይበታል።

ሙሉው ዕቃ ውጭ አገር ከ500 እስከ 800 ዶላር ገደማ ያወጣል። ችግሩ ቱቦው ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ከውጭ የምንፈልገው ሁለቱን መስታወቶችና ፎከሰሩን (ምስሉን የሚያጠራውን ክፍል) ነው። ቱቦውንና መቆሚያውን እዚሁ አናጺ በኮምፔንሳቶ ይሠራልናል። አይፒስ የሚባለው፣ ዓይን የሚጠጋበት ትንሽ ሌንስም ያስፈልገናል፤ ባለ 25 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃናል። ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ የተጻፈበትን ትንሽ ቴሌስኮፕ ግን እባካችሁ አትላኩልን። የሚያጎላው ብዥታውን ነው።

የማያ ቦታውም አከራክሮን ነበር። እንጦጦ 3,200 ሜትር ከፍታ አለው፣ ቅርብ ነው፤ የኦብዘርቫቶሪው (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያው) ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖችም ያሉት እዚያው ነው። ነገር ግን ከተማው ከነመብራቱ በደቡብ በኩል ነው የተዘረጋው። በሚያዝያ ምሽት የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት ማየት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ዋናው አቅጣጫ እሱ ነው። ሱሉልታም ያው ነው፤ የከተማው ብርሃን በደቡብ ይመጣል።

የመረጥነው ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ነው፤ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከፍታው ከእንጦጦ ግማሽ ያህል ስለሆነ አየሩ ወፍራም ነው ያሉ አባላት አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን የታጠረ ግቢ፣ ዘበኛ፣ መጸዳጃ ቤትና ማደሪያ ያለበት ቦታ ማግኘት ይቻላል። ሴት ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ሳይሰጉ የማያድሩበት ተራራ ምን ያደርግልናል? የወር ስብሰባችን አዲስ አበባ ይቀጥላል፤ ለጨረቃና ለፕላኔቶች የከተማው መብራት ያን ያህል አያውክም።

ዕቃው እንደ እድር ድንኳን ነው፦ የማንም ሳይሆን የሁሉም፤ ፈርሞ የወሰደ ፈርሞ ይመልሳል። ገንዘቡ የሚገባው በሁለት አባላት ፊርማ በሚንቀሳቀስ የክበቡ ሒሳብ ነው። ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለውን ከነደረሰኙ ለሰጪዎች እናሳያለን። ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ የቡሎን ዋጋም ዋጋ ነው። የላንጋኖ ትራንስፖርት ለማይችሉ ተማሪዎች የሚሸፍን ካለም ደስ ይለናል።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የምትመጡትን ደግሞ ሌላ ውለታ እንለምናለን። ዋናው መስታወት ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ነው። በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙልን። የሚያብረቀርቀውን ፊቱን በጣት አትንኩ፣ በጨርቅም አትጥረጉ። እስከ ሰኔ ከደረሰልን፣ ሰማዩ በደመና ተዘግቶ በሚከርምበት ጊዜ አናጺው ሥራውን ይጨርሳል፤ ጥቅምት ላይ ላንጋኖ እንወርዳለን።