ለአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ቦርድና ለጤና ሚኒስቴር፦ ታካሚው ቀድሞ ይጠየቅ

የተከበራችሁ የቦርድ አባላትና የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ ነው። ብዙ ጎረቤቶቻችን ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከክፍለ ሀገር መጥተው፣ መመለሻ አጥተው እዚያው ጎጆ የቀለሱ ናቸው። ኢንስቲትዩታችሁም እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አማካይነት እዚህ የተተከለው ታካሚው እዚህ ስለነበረ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2004 ወዲህ ደግሞ በጤና ሚኒስቴር ሥር ነው። የእኛው ነው ማለት ነው። ዛሬ ሳንባ ነቀርሳንና ሌሎችንም በሽታዎች ያጠናል፤ እንኮራበታለን።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ምን እንደሚጠና ሲወሰን ታካሚው የት አለ?

አንድ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚጀመር ታውቃላችሁ። ተመራማሪው ከአጋሮቹ ጋር ፕሮፖዛል ይጽፋል፣ ፈንድ ያፈላልጋል። ገንዘብ ሰጪው የራሱ ምርጫ አለው። ከዚያ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጥናቱ ሰው እንዳይጎዳ ይመረምራል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን «ከዚህ የሚብስ ችግር የለም ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ በዚያ ሰዓት ረፍዷል። ታካሚው የሚጠራው መጨረሻ ላይ፣ ቅጽ እንዲፈርም ነው።

አክስቴ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። እዚያ ለአንድ ጥናት ሦስት ጊዜ ደም ሰጠች። ተመልሶ ውጤቱን የነገራት የለም። «ልጄ፣ ደሜን ለምን ነበር የወሰዱት?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

የሰፈራችን ሰዎች የራሳቸው ጥያቄ አላቸው። የእግር ቁስል ድኖ ለምን ያገረሻል? መድኃኒት ጨርሰን ነርቫችን ለምን ያብጣል? ልጆቻችንን መቼ እናስመርምር? በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዲስ የሥጋ ደዌ ታካሚ ይገኛል። ጥያቄዎቹ ያረጁ አይደሉም።

የተቋሙን ስም ታሪክም አስቡት። ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን የሥጋ ደዌን ተህዋሲ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘ ትልቅ ሰው ነው። ግን በ1879 ከሌላ ታካሚ በወሰደው ናሙና የአንዲትን ሴት ታካሚ ዓይን ወጋ። ፈቃዷን አልጠየቀም። በዓመቱ የበርገን ከተማ ፍርድ ቤት ከሆስፒታል ሐኪምነቱ አነሳው። ይህን ስም የተሸከመ ተቋም ታካሚን በማማከር ከሁሉም ቢቀድም ደስ ይለኛል።

እንግሊዝ አገር ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ ታካሚዎች፣ አስታማሚዎችና ሐኪሞች አብረው ተቀምጠው መልስ ያላገኙ ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ያወጣሉ። እኛም እንችላለን። የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች የራሳቸው ብሔራዊ ማኅበር አላቸው። ከማኅበሩ ሁለት ሰዎች ፕሮጀክት በሚመረጥበት ጠረጴዛ ይቀመጡ፤ ለወጉ ሳይሆን ድምፅ እየሰጡ። በየዓመቱ የትኛው ጥናት እንደተመረጠ፣ የትኛው እንደቀረና ለምን፣ ገንዘቡም ከማን እንደሆነ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ይውጣ። ጥናቱ ሲያልቅ ደግሞ ደም የሰጠው ሰው ውጤቱን ከሁሉ በፊት ይስማ።

የመጀመሪያውን ውይይት እዚሁ ሰፈራችን አድርጉት። ቡናውን እኛ እናፈላለን። ብዙዎቹ እግራቸውን ስለሚያማቸው፣ አደራ፣ ደረጃ የሌለው አዳራሽ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘነበወርቅ ልጅ