የእማዬን ፌስታል ማን ይቁጠር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በየዓመቱ ሰኔ 30 ዕቃዬን እቆጥራለሁ። የእማዬን የመድኃኒት ፌስታል ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ለግፊቷ መንግሥት ሆስፒታል ክትትል አላት፤ ጉልበቷ ሲብስባት ደግሞ ሰፈር ካለው ክሊኒክ እንወስዳታለን። ባለፈው ጥር ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ወደቀች። ተመስገን፣ አጥንቷ ተርፏል። በማግስቱ ማስታገሻ ልገዛ ስሄድ የፋርማሲዋ ልጅ "ሌላ ምን ትወስዳለች?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ተመልሼ ፌስታሉን አመጣሁና ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት።

ሰባት ዓይነት! ልጅቷ አንድ በአንድ እያገላበጠች አስረዳችኝ። ለጉልበቷ በየቀኑ የምትውጠው ዲክሎፌናክ ግፊት ይጨምራል። ግፊቷ ከፍ ሲል ክሊኒኩ አምሎዲፒን አዘዘ። ሆስፒታሉ ግን ያንኑ አምሎዲፒን ቀድሞ ሰጥቷታል። ካርቶኑ ላይ ያለው የንግድ ስም ስለተለያየ ሁለት መድኃኒት መስሎን እጥፍ ስትወስድ ከርማለች። አምሎዲፒን ሲበዛ እግር ያሳብጣል። እግሯ ሲያብጥ ላዚክስ ታዘዘ፤ እሱ ደግሞ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ነው። ሌሊት ማን እንዳስነሳት ያኔ ገባኝ።

"በራስሽ እንዳታቋርጪባት" ብላ ዝርዝሩን ጽፋ ወደ ሐኪሟ ላከችኝ። ሐኪሙ ዲክሎፌናኩን በፓራሲታሞል ቀየረው፣ አንዱን አምሎዲፒን አስቀረ። እብጠቱ ሲጎድል ላዚክሱም ቀረ። በወር 1,900 ብር የነበረው ወጪ አሁን 750 ገብቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በመድኃኒት አጠቃቀም ስህተት በዓለም ላይ የሚባክነው በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር ነው። የእኛም 1,150 ብር እዚያ ውስጥ ሳይኖርበት አይቀርም።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ማለትም የበሽተኛውን መድኃኒቶች አብሮ የሚገመግም ባለሙያ፣ ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ፤ ግን በአብዛኛው የሚያዩት ተኝቶ የሚታከመውን ነው። ተመላላሹ "ጠዋትና ማታ" ተብሎ በመስኮት ይሸኛል። ለክትትል በሽተኞች በስድስት ወር አንዴ ፌስታላቸውን የሚዘረግፉበት አንድ ጠረጴዛና አንድ ባለሙያ ይመደብላቸው። ከክሊኒክ የገዙትም፣ ጎረቤት "ሞክሪው" ብላ የሰጠቻቸውም አብሮ ይታይ።

እማዬ ግን እስካሁን አኩርፋለች። "ደህና ሐኪም ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል እንዴ?" ትላለች። የቀረውን ላዚክስ ትናንት ትራሷ ሥር አገኘሁት።

ባለሱቋ፣ ከአቶቴ