ቬስፓዋ ሄደች፣ ሊብሬዋ ቀረች

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ክረምት እዚህ ጅማ አንዲት ቬስፓ በኪሎ ተሸጠች። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ የሚነዷት ሞተር ነበረች። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ጓሮ ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ቆማ ነበር። ልጃቸው ግቢውን ሲያጸዳ ለቆራሌው ሰጣት። ወሬውን ሰምቼ ስሮጥ ብደርስ ተቆራርጣ ጆንያ ገብታለች። ቬስፓ እንደ ሌላው ሞተር ለብቻው ሻሲ የላትም። የላሜራ አካሏ ራሱ ሻሲዋ ነው። አንዴ ከተቆረጠች አለቀ።

ልጁን አልወቅሰውም። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ መች ትነሳለች ብዬ ነው» አለኝ። ፊቴን አይቶ ደንገጥ አለና ከመሳቢያ ሊብሬዋን አውጥቶ ሰጠኝ።

ብዙ ሰው ቬስፓን ጣልያን ጥሏት የሄደ ይመስለዋል። አይደለም። ጣልያን ከጅማ የተባረረው በ1933 ዓ.ም. ነው። ቬስፓ የተፈጠረችው በ1938 ዓ.ም. ነው። ይቺን ያመጣት ወራሪ ሳይሆን ሱሪ እያጠበበ፣ ኮት እየገለበጠ ብር ያጠራቀመ የጅማ ሰው ነው። እኔም ግራ እጄን ጠምዝዤ ማርሽ መቀየር የለመድኩት በእሷ ነው።

ጣልያን የተወልን ሌላ ነገር ነው። ጋራዥ ግቡና ስሙ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ! የጃፓን ሞተር በጣልያንኛ ይፈታል፣ በአማርኛና በኦሮምኛ እየተሰደበ ይገጠማል። ይህንንም የሚጽፍልን ሰው ቢገኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ያማሃ ኤጂ 100 አለችኝ። መሥሪያ ቤት በጨረታ ሲያስወግዳት የገዛኋት ናት። «ኤጂ» የሚለው ስሟ ራሱ ከእርሻ፣ በእንግሊዝኛው ከ«አግሪካልቸር» የመጣ ነው፤ ለገበሬ የተሠራች ናት። ሰንሰለቷ በሽፋን የተዘጋ ስለሆነ የሰቃና የማና ቀይ ጭቃ አይገባበትም። መደገፊያዋ በግራም በቀኝም ነው። ሜዳ ላይ ለሚነዳ ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። ዴዶ ዳገት ላይ፣ በዝናብ፣ የቡና ችግኝ ጭኖ የቆመ ሰው ግን ያውቀዋል። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ስለምታቃጥል ጭሷ ሰማያዊ ነው። ባለቤቴ ቡና ስታሰጣ ሞተር ማስነሳት ክልክል ነው።

አሁን አሁን አሮጌ ሞተር የሚወዱ ወጣቶች እያየሁ ነው። ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ልለምናቸው፦ ቀለም ለመቀባት አትቸኩሉ። የተላጠው ቀለም፣ በሽቦ የታሰረው መብራት፣ የጎበጠው ፓራፋንጎ ሁሉም የሆነ ቀን የሆነ መንገድ ላይ የደረሰ ነገር ነው። መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ፣ የሻሲ ቁጥሩን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። ጣጣ የለውም፤ ስልክ ይበቃል።

የጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ይዞልናል። ከንጉሥ ዕቃ ጋር የልብስ ሰፊ ቬስፓ አይቆምም የሚል ካለ አልስማማም። አንዲት ጥግ ትበቃለች። ሊብሬዋን አሁኑኑ አስረክባለሁ። ያማሃዋን ግን ገና ነኝ። ዛሬ ጠዋት በሦስተኛው ምት ተነስታለች።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጅማ