ከሞተ ባክቴሪያ ጋር የከረምንበት ዓመት
የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ በአንድ ጥያቄ ተጠምዶ ከረመ። ያመጣችው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ባክቴሪያው ሞቶም ሰውነት ያብጣል ይባላል። ከሞተማ ምን ያደርጋል?» ሌላ እቅድ ነበረን። ወረቀቱ መሳቢያ ገባ።

ነገሩ ቆየት ያለ ነው። ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1892 አካባቢ በሙቀት የተገደሉ የኮሌራ ባክቴሪያዎችን ጊኒ ፒጎች ላይ ወጋ። እንስሶቹ ሞቱ። መርዙ ከባክቴሪያው አካል ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው፤ ፋይፈር ኢንዶቶክሲን ብሎ ሰየመው። ከስብና ከስኳር የተሠራ የውጭ ሽፋን ነው። የታይፎይድ ባክቴሪያም ይህ ሽፋን አለው።

ልጆቹን ያፈዘዛቸው ግን ሌላው ነው። ብግነቱን፣ ማለትም መቅላቱንና ማበጡን፣ በዋናነት የሚያስነሳው ራሱ ሰውነት ነው! ማክሮፋጅ የሚባሉት የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ሽፋኑን ሲያገኙት ኬሚካል ይረጫሉ። የደም ሥር ይሰፋል፣ ግድግዳው ያፈሳል፣ ፈሳሽና ነጭ የደም ሴል ወደ ሥጋው ይወጣል። ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። «ለሞተ ባክቴሪያ ይሄ ሁሉ ጩኸት? ሰውነታችን እኛ ሰፈር ነው እንዴ የተወለደው?» አለ አንዱ። ሰፈሩ እሪ በከንቱ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መልሱን ከአይጦች አገኘነው። ይህ መርዝ ቢወጉም ግድ የማይሰጣቸው የአይጥ ዘሮች አሉ። አሜሪካዊው ብሩስ ቦይትለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ምክንያቱን ደረሱበት፤ ቲኤልአር4 የሚባለው መርዙን የሚያውቅ ተቀባይ ተበላሽቶባቸዋል። ቦይትለር እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። እነዚህ አይጦች ታዲያ እድለኛ ይመስላሉ። ግን ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ በሕይወቱ ሲገባባቸው ከሌሎቹ ቀድመው ይረግፋሉ። የእሪ በከንቱው ልጅ ይህን ሲሰማ «በሉ እንግዲህ!» ብሎ ደረቱን ነፋ።

ጩኸቱ ሲበዛ ደግሞ ራሱ ጣጣ ነው። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ሲታከም፣ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሲፈጀው በሽተኛው ለሰዓታት ይብስበታል። እዚሁ አዲስ አበባ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ ቲኤንኤፍ የተባለውን የብግነት ኬሚካል አስቀድሞ በማገድ ይህን ማቅለል እንደሚቻል አሳይቷል። ይህን ስናገር ከኋላ ወንበር ሳይቀር ጸጥ አሉ።

እኛ እንስሳ አልነካንም። ግን ላብራቶሪዎች የአይጥን እግር እብጠት እንዴት እንደሚለኩ ሞከርን። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፤ የተገፋው ፈሳሽ መጠን ይመዘገባል። ልጆቹ አንጓቸው ላይ በእስክሪፕቶ መስመር አሰመሩና ጢም ባለ ባልዲ ውስጥ ጭብጣቸውን ነከሩ። የፈሰሰውን በሲሊንደር ለካነው። የብዙዎቹ ቀኝ እጅ ከግራው በለጥ ብሎ ተገኘ። ወዲያው አንዷ «ለዚህ ነዋ የአይጡን እግር ከመወጋቱ በፊትም የሚለኩት!» አለች። ወለሉ ግን ኩሬ ሆነ፤ ጽዳቶቻችንን ይቅርታ ጠይቀናል።

በእንስሳት ላይ መሞከር ተገቢ ነው ወይ በሚለው ክርክር ድምፅ ለሁለት ተከፈለ። አራት ኪሎ የሚገኘውን የእንስሳት ሙዚየምም ጎብኝተናል፤ ፎቶዎቹ በሌላ ገጽ አሉ።

ለመጪው ዓመት ማይክሮስኮፓችን አምፖል ይፈልጋል። መመዝገብ የሚፈልግ አርብ ከትምህርት በኋላ ባዮሎጂ ላብራቶሪ ይምጣ፤ ፎጣ ቢይዝ አይከፋም።