ጥያቄ የሚያነብልን ወላጅ እንፈልጋለን

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ከርማችኋል? በዚህ ሳምንት የምጽፍላችሁ ስለ ጥያቄና መልስ ውድድራችን ነው። ደብዳቤው ረዘም ይላል። ጊዜ ሰጥታችሁ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ፤ የምለምናችሁ ነገር አለኝና።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንዱ ክፍል ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ፊት ለፊት ስምንት ተማሪዎች አሉ። አራቱ የእኛ ናቸው፤ አራቱ የእንግዳ ትምህርት ቤት። እያንዳንዳቸው እጅ ላይ ባዘር፣ ማለትም ሲነካ የሚጮህና ማን እንደቀደመ የሚለይ ቁልፍ፣ አለ። አንባቢው መምህር ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። የአንዲት ሳይንቲስት የማስታወሻ ደብተሮች እስከ ዛሬ ጨረር ስለሚያወጡ እርሳስ በተለበጠ ሳጥን ውስጥ እንደሚቀመጡ አነበበ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀጠለ። ይህችው ሳይንቲስት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የራጅ መሣሪያ የተጫነባቸው መኪኖች አደራጅታ ወደ ጦር ግንባር እንደላከች አነበበ። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ባዘሩ ጮኸ።

የነካችው የእኛ ልጅ ናት። ስሟ ሲጠራ «አቤት» የምትለው እንኳ ለጎረቤቷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው። «ማሪ ኩሪ» አለች። ትክክል! ጓደኞቿ ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸውም። እሷ ግን ባዘሩን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ቀጣዩን ጥያቄ መጠበቅ ጀመረች።

በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብዬ ከየት እንዳወቀችው ጠየቅኳት። እናቷ የምትሠራው ራጅ ክፍል ነው። ስለነዚያ መኪኖች የነገረቻት እናቷ ናት፤ ያውም እራት ላይ ተቀምጠው። ይህን ስሰማ ወዲያው ያሰብኩት እናንተን ነው።

ውድድሩን አይታችሁ የማታውቁ ስላላችሁ አሠራሩን ላስረዳ። በአንድ ጨዋታ ሁለት ቡድን ይገናኛል፤ አንዱ ቡድን አራት ልጆች አሉት። የመክፈቻው ጥያቄ ለሁሉም ክፍት ነው። ቀድሞ ባዘር የነካ ልጅ ብቻውን ይመልሳል፤ መመካከር የለም። ከመለሰ 10 ነጥብ ያገኛል። ጥያቄው ገና ከባድ ሳለ ከመለሰ 15። ጥያቄውን አቋርጦ ከተሳሳተ ደግሞ 5 ይቀነሳል፤ የቀረው ክፍል ለተቃራኒው ቡድን ይነበባል። በትክክል የመለሰ ቡድን በአንድ ርዕስ ላይ ሦስት የቦነስ (ተጨማሪ) ጥያቄ ይቀርብለታል። እያንዳንዱ 10 ነጥብ ነው። እዚህ ላይ አራቱም ራስ ለራስ ገጥመው መመካከር ይችላሉ።

ዋናው ነገር የጥያቄው አጻጻፍ ነው። የመክፈቻው ጥያቄ ከከባድ ጀምሮ ወደ ቀላል ይወርዳል። የማሪ ኩሪው ጥያቄ ባይቋረጥ ኖሮ አንድ ንጥረ ነገር በትውልድ አገሯ በፖላንድ ስም ፖሎኒየም ብላ መሰየሟን ይናገር ነበር። መጨረሻው ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1903 በፊዚክስ፣ በ1911 በኬሚስትሪ ኖቤል መሸለሟን። እዚያ ሲደርስ ስምንቱም ልጆች ያውቁታል። ስለዚህ ቀድሞ የሚነካው ጣቱ የፈጠነ ሳይሆን ጠለቅ ብሎ ያነበበ፣ ወይም ቤቱ ውስጥ ሲወራ ጆሮውን ያቆመ ልጅ ነው።

የዚህ ዓይነት ውድድር የትውልድ ቦታው አሜሪካ ነው። የኮሌጆች ውድድር እ.ኤ.አ. በ1953 በሬዲዮ ተጀመረ፤ በ1959 ወደ ቴሌቪዥን ገባ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በ1961 በዋሽንግተን ከተማና በካናዳ የቴሌቪዥን ውድድሮች ተከፈቱ። ግን ስቱዲዮ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገቡት ሁለት ሦስት ቡድኖች ናቸው። የቀረው ተማሪ ተመልካች ነው። ነገሩ የሰፋው ከካሜራው ፊት ወጥቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ወደሚሆኑ የመማሪያ ክፍሎች ሲገባ ነው። በ1996 ጥያቄ እያዘጋጀ ለትምህርት ቤቶች የሚያቀርብ ናሽናል አካዳሚክ ክዊዝ ቶርናመንትስ የሚባል ድርጅት ተመሠረተ። በ1999 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አገር አቀፍ ሻምፒዮና ማካሄድ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የውድድሩ ቤት የመማሪያ ክፍል ነው።

የእኛም አካባቢ ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስንጀምር ስምንት ቡድን ነበርን። ባዘር አልነበረንም። ልጆቹ ጠረጴዛ በመዳፋቸው ይመቱ ነበር። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ከጥያቄው በላይ ጊዜ ይበላ ነበር። ባዘር ሲመጣ ያ ክርክር ቀረ። ግን ለማደጋችን ምክንያቱ ባዘሩ ነው ብል ልክ አይሆንም።

ያሳደገን የውድድሩን አወጣጥ መቀየራችን ነው። ይህን በደንብ ልናገር፤ እኔም የተሳሳትኩበት ነገር ስለሆነ። በመጀመሪያው ዓመት የተሸነፈ ቡድን ወዲያው እንዲወጣ አድርገን ነበር። ስምንት ቡድን መጣ፤ አንድ ዙር እንዳለቀ አራቱ ወደ ቤት። ከሩቅ የመጣ አንድ ትምህርት ቤት አስታውሳለሁ። ልጆቹ ሌሊት ተነስተው፣ ረጅም መንገድ ተጉዘው፣ ግማሽ ሰዓት ተጫውተው ተመለሱ። ይዛቸው የመጣችው መምህርት ምንም አላለችኝም። እጄን ጨብጣኝ ሄደች። በዓመቱ ስንጠራቸው አልመጡም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ እቅዱን ያጸደቅኩትም እኔ ነኝ።

አሁን ቡድኖቹን በምድብ እንከፍላለን። በአንድ ምድብ ስድስት ቡድን አለ። ሁሉም ከሁሉም ይጫወታል። ስለዚህ አንድም ጨዋታ ያላሸነፈ ቡድን እንኳ ጠዋቱን አምስት ጨዋታ ይጫወታል። አምስት ጨዋታ ማለት ወደ መቶ የሚጠጋ የመክፈቻ ጥያቄ መስማት ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በጠዋቱ ውጤት ተደልድለው ከአቻዎቻቸው ጋር ይገናኛሉ። ያኔ ጠዋት ሲሸነፍ የዋለ ቡድንም የሚያሸንፈው ጨዋታ ያገኛል። ያች መምህርት ልጆቿን ይዛ ተመልሳለች። ሳያት በጣም ነው የተደሰትኩት።

አራት ልጅ ያልሞላለት ትምህርት ቤትም እንዲገባ ፈቅደናል። ሁለት ልጅ ብቻ ይዞ የመጣ ትንሽ ትምህርት ቤት አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አጠገባቸው ሁለት ባዶ ወንበር፣ ቀኑን ሙሉ ተጫወቱ። በሁለተኛው ዓመት አራት ሆነው መጡ። ዘንድሮ ሁለት ሙሉ ቡድን አላቸው። እድገት የምለው ይህን ነው።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት ከስምንት ቡድን ተነስተን ዘንድሮ 24 ደርሰናል። የሚቀጥለው ውድድር ደግሞ በእኛ ግቢ ነው። ችግሬ እዚህ ላይ ይጀምራል።

24 ቡድን ሲጫወት በአንድ ጊዜ 12 ክፍል ይሠራል። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንባቢና አንድ ነጥብ መዝጋቢ ያስፈልጋል። በድምሩ 24 ሰው። ክፍል አለን። ባዘርም እንግዶቹ ትምህርት ቤቶች የየራሳቸውን ይዘው ስለሚመጡ ይበቃናል። የጎደለን ሰው ነው። መምህራኖቻችን ሳምንቱን ሙሉ አስተምረው ቅዳሜያቸውን ሲሰጡ ዓመታት ሆኗቸዋል። ሁሉም ቢመጡልኝ እንኳ ግማሹን አይሞሉም። በዚህ ምክንያት ሁለት ትምህርት ቤቶች እንመዝገብ ሲሉን «ቆዩ» ብለናል። ልጅን አንባቢ ስለሌለ አትጫወትም ማለት ያማል። ሁለተኛ ማለት አልፈልግም።

ልመናዬ ይኸው ነው። ቅዳሜያችሁን ስጡን።

ብዙዎቻችሁ «እኔ ምን አውቄ?» እንደምትሉ እገምታለሁ። መልሱን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር መልሱ ተጽፏል። የትኛው መልስ ተቀባይነት እንዳለው፣ የትኛው ላይ «አብራራ» እንደሚባል ጭምር ሰፍሯል። ከአንባቢ የሚፈለገው ጥርት ያለ ድምፅ፣ እኩል ፍጥነትና ባዘር ሲጮህ ወዲያው ማቆም ነው። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ይከብዳል። አፍ ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረስ ይቸኩላል። አንዲት ቃል ካመለጠች ለአንዱ ቡድን ስጦታ ናት። አስቸጋሪ የሰውና የቦታ ስሞች ስላሉም ከጨዋታው በፊት ገጹን አንድ ጊዜ በዓይን ማለፍ ጥሩ ነው። ማንበብ የማይመቸው ሰው ነጥብ ይመዘግባል። ለዚህ የሚያስፈልገው እስክሪብቶና ትኩረት ነው። ከውድድሩ በፊት ባለው ረቡዕ ከሥራ መልስ ልምምድ እናደርጋለን። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ሁለት ደንብ ግን አለ። ማንም ወላጅ የራሱ ልጅ በሚጫወትበት ክፍል አያነብም፣ አይመዘግብም። የጥያቄውን ወረቀት ደግሞ ፎቶ ማንሳት ወይም ቤት ይዞ መሄድ ክልክል ነው። ያው ጥያቄ በሌላ ቀን ሌላ ቦታ ለሌሎች ልጆች ይቀርባል። ለልጃችሁም ቢሆን እስኪፈቀድ ድረስ አታውሩለት።

ተመልካች ሆናችሁ ለምትመጡም አንድ ነገር ልበል። ባለፈው ወር አንድ ልጅ ጥያቄ አቋርጦ ተሳሳተ፤ 5 ነጥብ ተቀነሰ። ከኋላ አንድ ድምፅ «ምን አስቸኮለህ!» አለ። ልጁ ዞር ብሎ አላየም። እጁን ግን ከባዘሩ ላይ አንስቶ ከጠረጴዛው ሥር ከተተው። ጨዋታው እስኪያልቅ አላወጣውም። ያን ቀን ለተመልካቾች ደንቡን አስቀድሜ ባለመናገሬ ጥፋቱን እጋራለሁ። ስለዚህ አሁን እነግራችኋለሁ። ጨዋታው ሲካሄድ ድምፅ አይሰማም፤ ስልክ ይጠፋል፤ አስተያየት የሚሰጠው አሠልጣኙ ነው። ደፍሮ መሳሳት የጨዋታው አካል ነው። አምስት ነጥብ በአንድ ጥያቄ ይመለሳል። ከጠረጴዛ ሥር የገባ እጅ ግን ቶሎ አይመለስም።

«ከትምህርቱ አያዘናጋውም ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጊዜ ይወስዳል። ልምምዱ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ነው። በክፍል ውጤቱ የወረደ ልጅ እስኪያስተካክል ከቡድኑ እናሳርፈዋለን። ውድድሩ የፈተና ውጤት ይጨምራል ብዬም ቃል አልገባላችሁም። አንዳንድ ልጆች የስም ዝርዝር ይሸመድዳሉ፤ መጽሐፉን ሳይከፍቱ ርዕሱን ከነደራሲው ይዘው ይመጣሉ። ይህን አልወደውም፤ ለልጆቹም እነግራቸዋለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ በልምምድ የሰሙት አንድ ስም እረፍት ነስቷቸው በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት የሚገቡ ልጆችን አያለሁ። ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችንን ጠይቁ።

ስለ ሴቶች ልጆቻችንም ሳልናገር አላልፍም። የቡድኖቻችንን ዝርዝር ሳይ ሴቶቹ ያንሳሉ። ልምምድ ላይ ግን እኩል ነበሩ። ቅዳሜ ሲመጣ ወንድሙ ይፈቀድለታል፤ እሷ ቤት ትፈለጋለች። እባካችሁ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ልቀቁልን። መሄጃና መመለሻው በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ነው። ሁለት ሴት መምህራን አብረው ይሄዳሉ። የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ ቢሮዬ መጥታችሁ አነጋግሩኝ።

የሚቀጥለው ውድድር የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ነው። አንባቢዎችና መዝጋቢዎች ጠዋት 1፡30 ላይ እንገናኛለን። የመጀመሪያው ጨዋታ 2፡30 ይጀምራል። የምታነቡ፣ የምትመዘግቡ ወይም እንግዶችን ወደየክፍሉ የምታደርሱ ከሆነ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን ቅጽ ሞልታችሁ እስከ ዓርብ በልጃችሁ እጅ ላኩልኝ። ግማሽ ቀን ብቻ የሚመቻችሁም ጻፉ፤ ጠዋቱን ከሰዓቱን አከፋፍለን እንሠራለን። ያቆየናቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች መልስ የሚጠብቁት ሰኞ ነው። ከቅጾቹ ቁጥር አይቼ ነው የምደውልላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር